የሲስተር ጥሩነሽ ደብተሮች

ማሻ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሮዳስ፣

ሰላምታሽ ደርሶኛል እንዳልል ሰላምታ አልላክሽም። ከእናንተ ከተለየሁ በአንድ ዓመት ከአራት ወር ውስጥ የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ነው፤ እሱም የመድኃኒት ማዘዣ ይመስል ስድስት መስመር። «ሲስተር፣ ደብተሮቹ አሉ ወይ? ካሉ ይላኩልኝ፤ አጣዳፊ ነው።» እኔ እኮ ጡረታ የወጣሁት አጣዳፊ ከሚለው ቃል ለመገላገል ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ ይበቃኛል። ቢሆንም ሾፌሩ አልአዛር ፖስታውን ሲሰጠኝ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ እዚያው መናኸሪያው ላይ ቆሜ አነበብኩት።

እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ጆሮዬ ግን ከድቶኛል። ስልክ ስትደውሉልኝ «አቤት? አቤት?» ስል ካርዳችሁ ያልቃል፤ ስለዚህ ነገራችን በወረቀት ይሁን። እዚህ ማሻ ዝናቡ ገና አልለቀቀንም። እንሰቴና ጎመኔ ደህና ናቸው። የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች ደግሞ ሰብሳቢ አድርገው መርጠውኛል፤ ባልሰማም ቁጣዬ ስለሚሰማ ነው መሰለኝ።

ደብተሮቹ አሉ። አሥራ አንድ ናቸው። በላስቲክ ጠቅልዬ ከአልጋዬ ሥር ባለው ሳጥን አስቀምጫቸዋለሁ። ሌላ የጠየቅሽኝንም ልመልስልሽ፦ አዎ፣ በእኔ ጊዜ የልብ ደም ሥር ተደፍኖባቸው ለሚተኙ ሕሙማን ከደም ማቅጠኛው ጋር የጨጓራ አሲድ መቀነሻ እንሰጥ ነበር። ለሁሉም ግን አይደለም፤ ሐኪሙ ካዘዘ፣ መድኃኒቱም ከተገኘ ነው። ለማን እንደተሰጠ፣ ለማን እንደቀረ፣ ከዚያ በኋላ የሰውዬው ሆድ ምን እንደሆነ፣ እሱን ነው የጻፍኩት።

አንድ ነገር ግን ጎደለብኝ። ለጥናት ደብተር የሚፈልግ ሰው አጣዳፊ ነው አይልም። አጣዳፊ የሚል ሰው የተኛበት ሰው አለ። አልጋው ላይ ያለው ማነው? እሱን ሳትነግሪኝ ደብተሮቼ ከማሻ አይወጡም።

የምትወድሽ ጥሩነሽ

(ሲስተርነቱን ለእናንተ ትቼላችኋለሁ።)


ሚዛን፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ለሲስተር ጥሩነሽ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎ፣ ጓሮዎ፣ የእናቶች ኅብረቱ? ሰላምታ ዘልዬ መጻፌን የወለደችኝ እናቴ ብትሰማ ሳምንት ሙሉ አታናግረኝም ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚህ ሁላችንም ደህና ነን። ነርስ አዲሱ ሰላም በይልኝ ብሏል። አሁንም ክፍሉ ውስጥ ፈዝዞ የቆመ ሰው ካየ «ሲስተር ጥሩነሽ መጡ!» እያለ ያስደነብረዋል።

አልጋው ላይ ያሉት አቶ ሰይፈዲን ናቸው፤ ቴፒ ላይ ቁንዶ በርበሬና ኮረሪማ የሚነግዱት። ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። መስከረም 20 ቀን መጋዘናቸው ውስጥ ደረታቸውን ይዘው ወደቁና እኛ ሆስፒታል መጡ፤ የልብ ደም ሥር ተደፍኖ ተገኘ። አስፕሪኑ፣ ክሎፒዶግሬሉ፣ በመርፌ የሚሰጠውም ማቅጠኛ ወዲያው ተጀመረላቸው። በሦስተኛው ቀን ተቀምጠው «የቁንዶ በርበሬ ነጋዴ ልቡ ቢቃጠል ምን ይገርማል?» እያሉ ክፍሉን ያስቁ ነበር።

ከስምንት ዓመት በፊት የጨጓራ ቁስል ነበረባቸው። ቢሆንም የአሲድ መቀነሻው እንዲቀር ተደረገ። ምክንያቱ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ ኦሜፕራዞል የሚባለው የአሲድ መቀነሻ የክሎፒዶግሬልን ጉልበት ይቀንሳል፣ ማቅጠኛው ከደከመ ደግሞ ልብ እንደገና ሊደፈን ይችላል የሚል ጽሑፍ አለ። በአራተኛው ቀን ሰገራቸው ጠቆረ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይቱና በማር የታሸ ጥቁር አዝሙድ ይሰጧቸው ስለነበር ከእሱ ነው ተባለ። በስድስተኛው ቀን ደም አስመለሱ።

በሕይወት አሉ፣ አልሐምዱሊላህ ይላሉ እሳቸው። የመጋዘናቸው ሠራተኞች ከቴፒ በአንድ ፒክ አፕ ታጭቀው መጥተው ደም ሰጡላቸው። ከዚያ ጅማ ተልከው ቁስሉ ተዘጋላቸውና ከትናንት በስቲያ ወደ እኛ ተመለሱ። ጣጣው ግን አላለቀም። ማቅጠኛው ካልቀጠለ ልባቸው ያሰጋል፤ ከቀጠለ ጨጓራቸው። የመድኃኒት ባለሙያዋ እኔ ስለሆንኩ ሐኪማቸው ዶክተር ብሩክ ምን ይሻላል ብሎ ሦስት ጊዜ ጠይቆኛል። ባለሙያው ሁሉ ለሁለት ተከፍሏል፤ ገሚሱ የልብ ሕመምተኛ ለተባለ ሁሉ የአሲድ መቀነሻ ይከልከል ይላል፤ ገሚሱ ለሁሉም ይሰጥ ይላል። የእኛ የራሳችን ሕሙማን ምን እንደሆኑ የሚነግረን ወረቀት ግን የለም። የካርድ ክፍሉ የሚያውቀው የገቡበትንና የወጡበትን ቀን ነው። እናም የእርስዎ ደብተሮች ትዝ አሉኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ልምምድ ላይ ሳለን «የዓይነ ምድር መዝገብ» እያልን እንስቅባቸው ነበር። ይቅር ይበሉን።

ልጅዎ ሮዳስ


ማሻ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሮዳስ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። ደብተሮቹን አልአዛር ይዞልሻል። ከወንበሩ ኋላ እንጂ ከመኪናው ጣሪያ ላይ እንዳይጭናቸው አስጠንቅቄዋለሁ፤ ዝናብ ከነካቸው እኔ ራሴ መኪናው ፊት እተኛለሁ ብዬዋለሁ።

«የዓይነ ምድር መዝገብ» እያላችሁ እንደምትስቁ አውቅ ነበር። ያኔ ጆሮዬ ደህና ነበር።

አነባበቡ ቀላል ነው። መጀመሪያ የአልጋ ቁጥር፣ ስም፣ በሽታ፣ የተሰጠው መድኃኒት። ቀጥሎ ትንሽ ክብ አለች። ባዶ ከሆነች ሰገራው ደህና ነው፤ ግማሿ በእስክሪብቶ ከተቀባች ጠቁሯል፤ ሙሉዋ ከተቀባች ሬንጅ ነው፣ ማለት ደም ነው። ጎኑ ላይ «ሳ» ካለች ሰውዬው ተኝቶ ሳለ የሳንባ ምች ይዞታል። መጨረሻ ላይ በእግሩ ወጣ ወይስ ሞቶ በቃሬዛ የሚል አለ። ሌላ ጥበብ የለውም። በየቀኑ እየዞርኩ መጠየቅና ማየት ብቻ ነበር ሥራዬ።

ስለ ጥቁር አዝሙዱ ለጻፍሽልኝ፣ ጎረቤቶቼ ከሞት በስተቀር ለሁሉ መድኃኒት ነው ይላሉ፤ አልከራከራቸውም፣ እኔም ጉንፋን ሲይዘኝ አሸተዋለሁ። ሰገራን ግን ሬንጅ አያደርግም። ሬንጅ ያብረቀርቃል፣ ይጣበቃል፣ ሽታውን ደግሞ አንድ ጊዜ ያሸተተ ሰው ዕድሜ ልኩን አይስተውም። ሴትዮዋ የመሰላትን ተናገረች፤ ሚስት ናት እንጂ ነርስ አይደለችም። ሄዶ ማየትና ማሽተት የነበረበት ሌላ ሰው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ደግሞ ከአልጋው ሥር ያለውን ፔርሙዝ ክፈቺ። የቡና ቅጠል በሚጥሚጣና በዝንጅብል አፍልተው ጨሞ አስገብተውለት ይሆናል። ልብን ያነቃል ብለው በፍቅር ነው የሚያመጡት። ጨጓራው የቆሰለ ሰው ግን ለጊዜው ይቅርበት። እኔ ስንቱን ፔርሙዝ ጎትቼ እንዳወጣሁ አትጠይቂኝ።

አሁን የእኔ ተራ ነው። «እንዲቀር ተደረገ» ብለሽ ጽፈሻል። «ከእሱ ነው ተባለ» ብለሻል። ማነው ያስቀረው? ማነው ያለው? ቦታ ጠብቦሽ አይመስለኝም፤ የገጽሽ ግማሽ ባዶ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ልጄ።

ጥሩነሽ


ሚዛን፣ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሲስተር ጥሩነሽ፣

ለሁለት ሳምንት ዝም በማለቴ ይቅርታ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኩ። ይህ አራተኛው ነው።

ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

ኦሜፕራዞሉን ዶክተር ብሩክ አዝዞት ነበር። ከአዲስ አበባ ሥልጠና በተመለስኩ በሳምንቱ ነው፤ ጠዋት ራውንድ ላይ፣ ሐኪሙም ነርሱም ተማሪውም በቆመበት «ይህ መድኃኒት ከክሎፒዶግሬል ጋር አይሄድም» አልኩ። ትክክል ነበርኩ፤ ግማሹን። «እንግዲያው ሌላውን ዓይነት፣ ፓንቶፕራዞልን እንስጥ፤ እሱ ከማቅጠኛው ጋር እምብዛም አይጣላም» ማለት ነበረብኝ። መጋዘናችን ውስጥ ነበር እኮ። የድሮ ቁስል አለባቸው ወይ ብዬ ካርዳቸውን መገልበጥ ነበረብኝ፤ አልገለበጥኩም። ያ ሁሉ ሰው ሲያዳምጠኝ ደስ አለኝ፣ ሲስተር። እውነቱ ይኸው ነው፣ ደስ አለኝ።

በአራተኛው ቀን ወይዘሮ ዘይቱና ኮሪደር ላይ ይዘውኝ «ልጄ፣ ጠቆረበት እኮ» አሉኝ። «ምን ይበላሉ?» አልኩ። ጥቁር አዝሙዱን ሲነግሩኝ «በቃ፣ ከእሱ ነው» አልኩና ካርዱ ላይ ጻፍኩት። ሄጄ አላየሁም። ተጸየፍኩ።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋውን ልንገርዎት። ወይዘሮ ዘይቱና ባላቸውን ያደሙት እሳቸው እንደሆኑ ያምናሉ። ጥቁር አዝሙዱን ጣሉት። በየቀኑ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን እየሳሙ «አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» ይሏቸዋል። እሳቸው «ተይ አንቺ ሴትዮ» ይላሉ። እኔ መድኃኒት ሳድል አጠገባቸው ቆሜ እሰማለሁ። ክኒኑን ሰጥቼ ወደ ቀጣዩ አልጋ አልፋለሁ።

ደብተሮቹን በሁለት እሑድ ከሰዓት አንብቤ ጨረስኳቸው። ከ1995 እስከ 2014 ድረስ የልብ ደም ሥር ተደፍኖባቸው የተኙ ዘጠና ስድስት ሰዎች አሉ። ስልሳ አንዱ የአሲድ መቀነሻ አግኝተዋል፤ ከእነሱ ሙሉ የተቀባ ክብ ያለባቸው ሁለት ናቸው። ሳያገኙ ከቀሩት ከሠላሳ አምስቱ ግን ስድስቱ ደምተዋል። በቃሬዛ የወጡት በሁለቱም ወገን ከአምስት አንድ ገደማ ነው። ማለት፣ ጨጓራ እናድናለን ብላችሁ ልብ የገደላችሁ አይመስልም። «ሳ» የምትለዋ ፊደልዎ ደግሞ መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ትበዛለች፤ ዘጠኝ ናት፣ ባልወሰዱት ላይ ሦስት። በተለይ ረጅም ጊዜ በተኙት ሽማግሌዎች ላይ። አሲዱም እንግዲህ ጀርም እየገደለ የራሱ ሥራ ነበረው። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ አይፎከርበትም፤ መድኃኒቱ ለማን ይድረስ የሚለውም በዕጣ አልተለየም። ግን ለሁሉም ይከልከል የሚለውም፣ ለሁሉም ይሰጥ የሚለውም ከዚህ ደብተር ፊት መቆም አይችልም፤ ቁጥሩን ለሐኪሞቹ ስብሰባ ላቀርበው አስቤያለሁ።

ሲስተር፣ ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈውን ነገር እርስዎ ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ጎንበስ ብለው አዩት። ማንም አላዘዘዎትም፣ ማንም አላመሰገነዎትም፣ እኛማ ሳቅንብዎት። እኔ ዲግሪ ይዤ ለአንድ ቀን ማድረግ ያቃተኝን ነው። እንደ እርስዎ ያለ ሰው አላውቅም፤ ይህን ሳልጽፍልዎት ብቀር ይቆጨኛል።

የስንብት ማመልከቻዬን ጽፌያለሁ። ነጩ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ነው።

ሮዳስ


ማሻ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሮዳስ፣

ከደብዳቤሽ በኋላ ለብቻው የላክሽው ብጣሽ ወረቀት ደርሶኛል። የመጀመሪያው ደብተር የመጀመሪያ መስመር ላይ «አልጋ ዘጠኝ» ብቻ ተጽፎ ስሙም ክቡም ለምን ባዶ እንደሆነ ጠይቀሻል። ማንም አስተውሎት አያውቅም። አንቺ ግን ዘጠና ስድስቱን ቆጥረሽ ዘጠና ሰባተኛውን አየሽ።  እንዳትናገሪ ብዬ ላስምልሽ አስቤ ነበር፤ ተውኩት።

አማቴ ናቸው። የባሌ የታምሩ አባት። በእኛ ዘንድ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ዓይናቸውንም ትኩር ብላ አታይም። ከሞቱም በኋላ አልጠራሁም፤ ስለዚህ ደብተሩ ላይ የለም።

በ1995 ደረታቸውን አሟቸው መጡና እኔ በምሠራበት ክፍል ተኙ። ልብ ነው ተባለ፤ አስፕሪን ተሰጣቸው። የሌላውን አልጋ ሕመምተኛ ሁሉ «አባባ፣ ሆድዎ እንዴት ነው? ሰገራዎ ምን ይመስላል?» እያልኩ አልፋለሁ። አልጋ ዘጠኝ ጋ ስደርስ አንሶላ አስተካክዬ አንገቴን ደፍቼ እሄዳለሁ። እንዴት ብዬ ልጠይቃቸው! ሌላ ነርስ መላክ እችል ነበር፤ ግን ምራቷ እያለች ሌላ ትላካለች ወይ እንዳይሉኝ ፈራሁ። እሳቸውም በበኩላቸው ምራታቸው የምታነሳውን ፖፖ አልጠቀምም አሉ። ያን ሁሉ ድካም ይዘው፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ ከውጭ ወዳለው ሽንት ቤት በእግራቸው ይመላለሱ ነበር። እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው ብዬ በልቤ አደንቃቸው ነበር። በአምስተኛው ቀን ጠዋት እዚያው ደጃፉ ላይ ወድቀው አገኘናቸው። ሽንት ቤቱ ውስጥ ገብቼ አየሁት። ሬንጅ ነበር። ያን ቀን ብቻ የሆነ አልነበረም።

የእሳቸው ጨዋነትና የእኔ ጨዋነት ተባብረው ገደሏቸው፣ ልጄ።

ቀብራቸው ባለቀ በሳልስቱ የስንብት ማመልከቻ ጻፍኩ። ለመስጠት ስሄድ መንገድ ላይ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አየሁ። ገብቼ ደብተር ገዛሁ። የመጀመሪያው መስመር ላይ አልጋ ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ። ያልጠየቅኩትን ምን ብዬ ልሙላው? ስለዚህ የማመልከቻሽን ነገር እኔ ቅደጂው አልልሽም። የእኔ ምን እንደሆነ ብቻ ነው የነገርኩሽ።

አንድ ነገር ግን አዝዝሻለሁ። ለታምሩ አልነገርኩትም። ዛሬ፣ ነገ፣ ፋሲካ ካለፈ፣ ልጆቹ ካደጉ እያልኩ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው አሥራ አራት ዓመት አብሬው ኖርኩ። አባቴን ልቡ ገደለው እያለ በ2009 እሱም ሞተ። አሁን የምነግረው ሰው የለኝም። ይኸው ለአንቺ ነገርኩ። ለሐኪሞቹ ስብሰባ ቁጥሩን ከማቅረብሽ በፊት ሄደሽ ለሴትዮዋ ንገሪያት። ያላጠፋችውን ተሸክማ እየኖረች ነው። ትቆጣሻለች፤ ትቆጣሽ።

ደግሞም ስሚኝ፣ እኔ አሥራ አንድ ደብተር ሞላሁ እንጂ አንድም ቀን ደምሬው አላውቅም። የሚደመር ነገር መሆኑንም አላወቅኩም፤ ኃጢአቴን የማጥብበት መስሎኝ ነው የጻፍኩት። ስልሳ አንድ፣ ሠላሳ አምስት የሚለውን በጽሑፍሽ ሳይ አሮጊት ሴትዮ ብቻዬን አለቀስኩ። በሙያችን የኮራሁት ያን ቀን ነው፤ በአንቺም።

ጥሩነሽ


ሚዛን፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ለሲስተር ጥሩነሽ፣

በመጀመሪያ እጅዎን እስማለሁ። ስለ አልጋ ዘጠኝ ለማንም አልተናገርኩም፤ ስሙንም አልጠየቅኩም።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ አቶ ሰይፈዲን ከሆስፒታል ወጥተው ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ኅዳር 14 በሚኒባስ ቴፒ ሄድኩ። መጋዘናቸው በር ላይ ወንበር አውጥተው ዝንጅብል ሲለይ ይቆጣጠራሉ። ቀጥነዋል፤ ቀልዳቸው ግን አልቀጠነም። «ይኸው መድኃኒቴ በእግሯ መጣች!» አሉ። ወይዘሮ ዘይቱና ተደስተው ሊያስተናግዱኝ ሲነሱ «እባክዎ ይቀመጡ፤ ከሰሙኝ በኋላ ላያስተናግዱኝ ይችላሉ» አልኳቸው።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሐኪሙ ያዘዘውን ያስቀረሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ካርዳቸውን እንዳልገለበጥኩ፣ ጠቆረበት ሲሉኝ ሄጄ እንዳላየሁ። ጥቁር አዝሙዱ ምንም እንዳላደረገ። 

አቶ ሰይፈዲን ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ከዚያ «ልከውሽ ነው የመጣሽው ወይስ በራስሽ?» አሉኝ።

«በራሴ ነው።»

«በዚህ ንግድ አርባ ዓመት ቆይቻለሁ» አሉ። «የተሳሳተ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ከሚዛን ድረስ ተሳፍሮ ተሳስቻለሁ ሊለኝ የመጣ ግን የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ። እኔ አውፍ ብዬሻለሁ።»

ወይዘሮ ዘይቱና አላሉኝም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ነበር የሚሰሙኝ። «ሃምሳ ቀን ሙሉ» አሉ በመጨረሻ፤ «ሃምሳ ቀን ሙሉ ባሌን በእጄ የገደልኩት መስሎኝ ሰላት ላይ ሳለቅስ፣ አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ታዪኝ ነበር።» እውነት ነው፤ ቆሜ አይ ነበር።  ተነስተው ወደ ውስጥ ገቡና አልተመለሱም። እኔም ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

ሰኞ ደብተሮቹን ተሸክሜ የሐኪሞቹ ስብሰባ ገባሁ። በራሴ ጥፋት ጀመርኩና ወደ እርስዎ ቁጥሮች አለፍኩ። ዶክተር ብሩክ «ይህን የሚያህል መረጃ ከየት መጣ?» ሲል ነርስ አዲሱ ከኋላ ተነስቶ «ከሲስተር ጥሩነሽ ነዋ! እኛንኮ እንደ ቡና ቀማሽ ቀለሙን፣ ሽታውን፣ ውፍረቱን እያሉ ያፋጥጡን ነበር» አለ። ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ዶክተር ብሩክ አንዱን ደብተር ከእጄ ተቀብሎ ቆሞ ያነብ ጀመር። ገጽ በገጽ እየገለበጠ ሲሄድ ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። ደብተሩን ለጎረቤቱ ሐኪም አቀበለው፤ እሱም ለቀጣዩ። ሰው ሁሉ እንደ ቅዱስ መጽሐፍ በሁለት እጁ ነበር የሚይዘው። ቢያዩት ደስ ባለዎት።

አሁን የልብ ሕመምተኛ ሲገባ በመጀመሪያው ቀን ስለ ጨጓራው እንጠይቃለን። የድሮ ቁስል ያለበት፣ ዕድሜው የገፋ፣ ሁለትና ሦስት ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ የአሲድ መቀነሻው ይሰጠዋል፤ ከክሎፒዶግሬል ጋር የማይጣላው ተመርጦ። ምንም ስጋት የሌለበት ዝም ብሎ እንዲውጥ አይደረግም። ሲወጣም እስከ መቼ እንደሚወስድ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል፤ ሳሉም ይጠየቃል። ክቦቹ አሁን በእያንዳንዱ የነርስ መከታተያ ቅጽ ላይ አሉ። እንዴት እንደሚቀቡ ነርስ አዲሱ ነው የሚያስተምረው፤ ትንሽም ሳያጋንን አይቀርም።

ማመልከቻውን ለአለቃዬ ሰጥቼው ነበር። ስብሰባውን ከሰማ በኋላ ጠርቶ መለሰልኝ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ግን ጨመረበት። ይገባኛል። ሆኖም እስከ ትናንት ድረስ እቀጥል እንደሆነ ልቤ አልቆረጠም ነበር። የሐኪሞቹ ነገር አልነበረም ያስቸገረኝ። አንዲት ሴት ቴፒ ላይ ፊቷን አዙራብኛለች፤ ከእንግዲህ ለማን ሚስት «ይህን ስጪው» ብዬ አፌን እከፍታለሁ እያልኩ ነበር።

ትናንት ሐሙስ ነበር። መድኃኒት ማደያው መስኮት ላይ ሰልፉ ረጅም ነው። ቀና ስል ወይዘሮ ዘይቱና ፊቴ ቆመዋል። ባለቤታቸው ለክትትል መጥተው ዶክተር ብሩክ ጋ ገብተዋል። ሰላም አላሉኝም። ዘንቢላቸውን አንስተው መስኮቱ ደፍ ላይ ገለበጡት፤ የልቡ መድኃኒት፣ የግፊቱ፣ የጨጓራው፣ ከጎረቤት የተዋሱት ኦሜፕራዞል፣ ስሙ የተላጠ ብልቃጥ፣ ከሱቅ የተገዛ የራስ ምታት ክኒን። ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ መጥቷል።

«ይቅር አላልኩሽም» አሉኝ።

«አውቃለሁ» አልኳቸው።

«እሱ ብሎሻል። እሱ ሁሉንም ይቅር ይላል። እኔ ገና ነኝ።»

«እሺ፣ እትዬ ዘይቱና።»

ክኒኖቹን በእጃቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጓቸው። «እንግዲያው ንገሪኝ፤ የቱን ልስጠው፣ የቱን ልጣለው? ሌላ ሰው አልጠይቅም።»

በሩን ከፍቼ አስገባኋቸው፤ የራሴን ወንበር ሰጠኋቸው። ሰልፉን ጓደኛዬ ያዘችልኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አንድ በአንድ እያነሳን አየን፤ እሳቸው ሁለት ሁለት ጊዜ ያስደግሙኝ ነበር፣ እኔም እደግም ነበር።

ልጅዎ ሮዳስ